«ቴስታታው ይውረድ» የተባለው ኮሮላ፦ ከአዳማ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

መነሻው

መኪናው የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሞተሩ መካኒኮች «ዋን ኤንዜድ» የሚሉት የ1,500 ሲሲ ቤንዚን ሞተር ነው። ባለቤቱ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የሚኖር ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። መኪናውን የገዛው ከሰው እጅ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቤተሰቡን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ይወጣል።

ችግሩ የታየው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ምንም የለም። የፍጥነት መንገዱን ይዞ ሞጆን አልፎ ወደ ቢሾፍቱ መውጣት ሲጀምር ግን የሙቀት ጠቋሚው ቀስ እያለ ከመሐል ይነሳል። ኤሲ ከተከፈተ ደግሞ ይባስ። ዳር ይዞ ሲያቆም ኮፈኑ ሥር የሚፈላ ድምፅ ይሰማል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ራዲያተሩ ሲታይ ውኃው ጎድሏል። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ሁሉንም ያሳሳተው። ውኃ ይጎድላል፣ የሚፈስበት ግን አይታይም። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ውኃው ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል።

ጋራዡ ያለው

የተወሰደበት ጋራዥ ሞተሩን አስነስቶ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ውኃው ውስጥ አረፋ ታየ። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፦ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ ገላ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል፣ ቴስታታው ይውረድ፣ ቶርኖ ቤት (የብረት ሥራ ወርክሾፕ) ገብቶ ይላጭ።

ለጋራዡ ፍትሐዊ ልሁን። ጓርኒሲዮኑ ሲበላ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውኃው ያመልጣል፣ አረፋውም ይታያል። ምልክቱ እውነተኛ ምልክት ነው። ግን አረፋ የሚያወጣው እሱ ብቻ አይደለም። ውኃው ጎድሎ አየር የገባበት ሞተርም አረፋ ይሠራል። ጋራዡ ሁለቱን የሚለይ መሣሪያ አልነበረውም፣ በዓይን አይቶ ፈረደ። የተጠየቀው ገንዘብ ከባለመኪናው የወር ደመወዝ በላይ ስለነበር ልጁ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ መኪናውን ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ የተሞከሩት

አንድ ጓደኛው የራዲያተር ማሸጊያ ፈሳሽ ገዝቶ እንዲጨምር መከረው። ጨመረ። ለጥቂት ጊዜ የጉድለቱ ፍጥነት ቀነሰ፣ ከዚያ ወደነበረበት ተመለሰ። ተጨማሪ ትርፉ የመኪናው ማሞቂያ መድከሙ ነው። ማሸጊያው ስንጥቁን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይደፍናል። አዳማ ላይ ማሞቂያ ማን ይከፍታል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ግን ራዲያተሩም በተመሳሳይ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ቴርሞስታት መቀየር ነበር። ልጁ ቪዲዮ አይቶ ራሱ ለመሥራት ወሰነ። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ጋ ለመድረስ ዲናሞው መላቀቅ አለበት። አላቀቀው። የውኃ መግቢያውን ክዳን የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፈታ። ከፍቶ ቢያይ ቴርሞስታት የለም! ከሱ በፊት የነበረ ሰው አውጥቶ ጥሎታል።

እኛ አገር ይህ የተለመደ ነው። «ቆላ ስለሆነ አያስፈልግም» ይባላል። ያስፈልጋል። ቴርሞስታት ሞተሩ ሲነሳ ውኃውን አግዶ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ መካከል ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። ከሌለ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩም ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። አዳማ ውስጥ ባሉ አጫጭር መንገዶች ቤንዚን «ይበላል» የሚባሉ አንዳንድ መኪኖች ችግራቸው ይኸው ነው።

አዲስ ቴርሞስታት አስገባ። ክዳኑን ሲመልስ ግን ጉድ ሆነ። የነበረው መፍቻ ለጎማ ብሎን የሚሆን ረጅም እጀታ ያለው ቡሶላ ነው። በዚያ እጀታ ላይ አሥር ቁጥር ቡሶላ ሰክቶ አጠበቀ። «ትንሽ ልጨምር» አለ። ዳዶው የሚገባበት ቀጭኑ ፐርኖ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ። ፋብሪካው ለነዚያ ዳዶዎች ያስቀመጠው የማጥበቂያ ልክ 9 ኒውተን ሜትር ነው። በአጭር መፍቻ በሁለት ጣት የሚደረስበት ኃይል ማለት ነው። ረጅም እጀታ የያዘ እጅ 9ን እና 25ን አይለያቸውም።

የቶርኖ ቤት ባለሙያ ብየዳውን ይዞ እቤት ድረስ መጣ። ባትሪው ተነቀለ። በቀረችው ጉቶ ላይ ሌላ ዳዶ በይዶ፣ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ አወጣት። ሥራው ንጹሕ ነበር። አልሙኒየሙ ላይ ያለው ጥርስ ቢላጥ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ መኪናው ቢሾፍቱ ላይ አሁንም ሞቀ።

ሳይፈቱ መለካት

እዚህ ላይ ነው ጎረቤቱ የገቡት። ዕድሜያቸው ሰባ የተጠጋ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ልጁ የሆነውን ሁሉ ሲነግራቸው ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ምን ለካህ?»

«ምንም አልለካሁም ጋሼ።»

«መፍታትማ ማንም ይፈታል። መጀመሪያ ለካ።»

የግፊት መፈተሻ ተዋሱ። ይህ መሣሪያ የብስክሌት ፓምፕ የሚመስል ሲሆን ጌጅ (የግፊት ማሳያ) አለው፣ በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ይገጠማል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ግፊት ይሰጠዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ራሱ የሚፈጥረውን ግፊት ያለ ሙቀት ማስመሰል ነው። አዳማ ውስጥ ይህን መሣሪያ ያለው ጋራዥ ማግኘት ጊዜ ወስዷል። ከተገኘ በኋላ ግን ሥራው ራሱ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። እኔም በቦታው ነበርኩ።

መጀመሪያ የተፈተሸው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑን ከመፈተሻው ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ አለ። የዚህ መኪና ክዳን ከ0.93 እስከ 1.23 ባር (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ይዞ ከዚያ በላይ ሲሆን መልቀቅ አለበት። ይህኛው 0.4 ላይ መተንፈስ ጀመረ። ጎማው ደርቆ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አዳማ ላይ ግን ትንሽ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ክፍት ድስት ላይ ውኃ የሚፈላው ወደ 95 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ሞተር ደግሞ 95 ዲግሪ ላይ መሥራት የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጤነኛ ክዳን 1.1 ባር ሲይዝ ውኃው አዳማ ላይ እስከ 119 ዲግሪ ገደማ አይፈላም። በ0.4 ባር ግን 105 አካባቢ ይፈላል። ወደ አዲስ አበባ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ መፍያውም ይበልጥ ይወርዳል። ዳገት፣ ኤሲ፣ ከፍታ፣ ደካማ ክዳን። አራቱ ቢሾፍቱ ላይ ይገናኛሉ።

ቀጥሎ ራዲያተሩ ራሱ ግፊት ተሰጠው። ጌጁ 1 ባር ላይ ቆመ። ከዚያ በጣም በዝግታ መውረድ ጀመረ። መሬቱ ደረቅ ነው። ጋሼ ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ ጠየቁ። ከቺንጋው (ከሞተሩ ቀበቶ) ጀርባ፣ የውኃ ፓምፑ ሥር አስገብተው አዩና መስታወቱን ለልጁ ሰጡት። ፓምፑ ሆድ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ዙሪያዋን ሮዝ ቅርፊት ሠርታለች። የደረቀ ኩላንት፣ ማለትም የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ከቅርፊቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

ያቺ ቀዳዳ ብልሽት አይደለችም፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያበጃት ናት። የፓምፑ ዘንግ ማሸጊያ ሲያልቅ ውኃው ዘንጉ ወደሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ከመግባቱ በፊት በሷ በኩል ወጥቶ እንዲታይ ነው። የሚንጠባጠበው ግን በግፊትና በሙቀት ጊዜ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ውኃው ትኩሱ ሞተር ላይ አርፎ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ጠብታው ያልታየው ለዚህ ነው።

የኮምፕሬሽኑ ቁጥር

ፓምፑ ጥፋተኛ መሆኑ ጓርኒሲዮኑን ነፃ አያወጣውም። ሁለቱም አብረው ሊበላሹ ይችላሉ፤ እንዲያውም ሞተር ደጋግሞ ሲሞቅ ቴስታታ ይጣመማል። ስለዚህ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረው ግፊት ተለካ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት አራቱም ካንዴላዎች ወጡ፣ የኮይልና የቤንዚን መርጫ ሶኬቶች ተነቀሉ፣ ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ሆነ፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ታች ተረገጠ።

እዚህ ላይ አዳማን ለሚያውቅ አንድ ማሳሰቢያ፦ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በተተከለባት ከተማ ግቢ ውስጥ ካንዴላ ስታወጡ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ከማውጣታችሁ በፊትም ዙሪያውን በአየር ንፉ። አለዚያ አቧራው ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው።

ቁጥሮቹ 11.4፣ 11.2፣ 11.5 እና 11.1 ባር ሆኑ። ልጁ ስልኩ ላይ ያለውን የፋብሪካ ሠንጠረዥ ከፈተ። 14.7 ይላል። ፊቱ ተቀየረ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ አልቋል ማለት ነው?»

«ይሄ ቁጥር ለጅቡቲ ነው ልጄ። አንተ ያለኸው አዳማ ነው።»

ነገሩ ይህ ነው። ሞተር የሚጨምቀው ከውጭ የሳበውን አየር ነው። አዳማ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 82 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ 14.7 ባር የሚያሳይ አዲስ ሞተር አዳማ ላይ 12 አካባቢ ያሳያል። ከዚህ አንጻር 11.3 ለአሮጌ ሞተር ጥሩ ውጤት ነው። የፋብሪካው ዝቅተኛ ልክም 10.8 ነው፤ ከፍታ ላይ ሆኖ እንኳ ከዚያ አልወረደም። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ይቀንሳል። ይህን ሳያውቁ ሠንጠረዥ እያዩ ሞተር የሚያወርዱ ሰዎች እንዳሉ አልጠራጠርም።

ዋናው የሚታየው ልዩነቱ ነው። ፋብሪካው በሲሊንደሮች መካከል እስከ 1 ባር ልዩነት ይፈቅዳል። እዚህ ያለው 0.4 ነው። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ቢሆን አንዱ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ወርደው ይታዩ ነበር።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ተጨመረ። ካንዴላዎቹ ተመልሰው፣ የግፊት መፈተሻው እንደተገጠመ፣ ቀዝቃዛው ሞተር ለአጭር ጊዜ ተነሳ። የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውኃው የሚያመልጥ ከሆነ ጌጁ ሞተሩ ሳይሞቅ ሽቅብ ይፈናጠራል፤ እጅ ማጥፊያው ላይ ሆኖ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጌጁ ዝም አለ። የሞተር ዘይቱም ንጹሕ ነው፣ ወተት የመሰለ ነገር የለበትም። ቴስታታው ባለበት ይቀመጥ ተባለ።

ሥራው

ፓምፕና ክዳን የተገዙት ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። አዳማም ነበሩ፤ ልጁ የቀረበለትን ፓምፕ ክብደትና የመዘውሩን አጨራረስ አልወደደውም። አሮጌው ከወጣ በኋላ ዘንጉ በጣት ሲወዘወዝ ይላወስ ነበር። ማለቁ በዚህም ታወቀ።

ይህን ጊዜ ልጁ ትንሽ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካ መፍቻ) ከውጭ ከመጣ ዘመዱ አግኝቷል። ትንሽ መሆኑ ቁም ነገር ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ትልቁ፣ ከ40 በላይ የሚለካው ነው። ለጎማና ለቴስታታ ብሎን ይሆናል። የፓምፑ ብሎኖች ግን 11 ኒውተን ሜትር ናቸው፣ ካንዴላዎቹ 18። ትልቁ ሬንች እነዚህን ጨርሶ አይሰማቸውም። «ቶርክ ሬንች አለኝ» ብሎ በትልቁ የፓምፕ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ከሌለው ሰው የባሰ ነው። የሌለው ቢያንስ ይፈራል።

ሌላም ነገር አለ። ሬንቹ ላይ ሁለት መስመር ቁጥር ተጽፏል፦ አንዱ በኒውተን ሜትር፣ ሌላው በፉት ፓውንድ። በተሳሳተው መስመር 11 ብታደርጉ የምታጠብቁት ወደ 15 ነው።

የፓምፑ ጓርኒሲዮን ማረፊያ በፕላስቲክ መፋቂያ ጸዳ። በብረት ካቻቢቴ መፋቅ አልሙኒየሙን ይቧጭረዋል፣ አዲሱም ጓርኒሲዮን ያንጠባጥባል። ብሎኖቹ በእጅ ተጀመሩ፣ ከዚያ በመስቀል ቅደም ተከተል በሁለት ዙር ጠበቁ። ዲናሞውና ቺንጋው ተመለሱ።

የቧንቧ ውኃ አልገባም። ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል ተደባልቆ ነው የተሞላው። የተጣራ ውኃ ለባትሪ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ብቻ አይታችሁ ተቀበሉ። «እኛ አገር ውኃ በረዶ አይሆን፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። የማሸጊያው ቅሪት እንዲወጣ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ ደጋግሞ ታጥቧል።

አየሩን ለማስወጣት መኪናው አፍንጫው ወደ ዳገት ሆኖ ቆመ። ማሞቂያው እስከ መጨረሻ ተከፈተ። ክዳኑ ገና ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ተነስቶ ሞተሩ ሠራ፣ የላይኛው ቱቦ እየተጨመቀ አረፋ ወጣ፣ ውኃው ሲወርድ ተሞላ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታችኛው ቱቦ ድንገት ይሞቃል። ከዚያ በኋላ ክዳኑ ተዘጋ።

ውጤቱና የቀረው

ከዚያ ወዲህ ልጁ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መመርመሪያ ሰክቶ ነው አዲስ አበባ የሚወጣው። ዳገቱ ላይ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ቁጥሩ ከ90 እስከ 98 ይመላለሳል። ይህ ቁጥር ከዳሽቦርዱ ጠቋሚ ይሻላል። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ጠቋሚው ሰፊ የሙቀት ልዩነት እያለም መሐል ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ሲነሳ ዘግይቷል።

ያልተስተካከለም አለ። ማሞቂያው አሁንም ደካማ ነው፣ ማሸጊያው የደፈነው ሙሉ በሙሉ አልወጣም። የላይኛው የሞተር ክዳን ጠርዝ ላይ ዘይት ያላብ ነበር፤ እሱም እንዳለ ነው።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ

ራስን ችሎ ሞተር መጠገን ይቻላል። ግን ሰው መሣሪያ ሲባል ቶሎ የሚያስበው መፍቻ ነው። እዚህ ገንዘብ ያዳኑት የሚለኩት ናቸው፦ የግፊት መፈተሻ፣ የኮምፕሬሽን ጌጅ፣ ትንሽ ቶርክ ሬንች፣ መስታወት። ሁሉም ተደምረው የቴስታታውን ሥራ ዋጋ አያክሉም፤ ከአራቱም ሁለቱ በውሰት የተገኙ ናቸው።

ምን ይገዛ፣ ምን ይዋስ? እኔ ብሆን ትንሿን ቶርክ ሬንችና የስልክ መመርመሪያውን እገዛለሁ፣ ሥራ አያጡም። የግፊት መፈተሻና የኮምፕሬሽን ጌጅ ግን በዓመት አንዴ ስለሚያስፈልጉ ሦስት አራት ሰው ተዋጥቶ ቢገዛቸው ይበቃል።

ጋራዥ «ይውረድ» ሲል መጣላት አያስፈልግም። «በምን ለካችሁት?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነው። ቁጥር ካሳዩ ጥሩ። የፋብሪካ ቁጥር ሲጠቀስ ደግሞ ከተማችሁ ያለችበትን ከፍታ አስቡ።

ከክዳን መጀመርም ይጠቅማል። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፤ ማንም ግን አይፈትሸውም። የሞቀ ሞተር ላይ ያለ ክዳን በፍጹም አይከፈትም፤ ፊት ያቃጥላል። መኪና ሥር የሚገባ ሰው ክሪክ ብቻ አይመን፣ መደገፊያ ያስገባ። የፈሰሰ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ውሻና ሕፃን ባለበት ግቢ ሜዳ ላይ አይደፋ።

ቁጥሮቹ መጥፎ ሆነው ቴስታታው መውረድ ካለበት ግን ለጀማሪ አይሆንም። የዚህ ሞተር የቴስታታ ብሎኖች በመጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ ይዞራሉ፤ የታይሚንግ ካቴናውም (ሰንሰለቱም) መነሳትና በልኩ መመለስ አለበት። ልጁም ጋሼን «ቢሆን ኖሮ እንሠራው ነበር?» ብሎ ጠይቋቸዋል። «እኔ እሠራው ነበር፤ አንተ ባትሪ ታበራልኝ ነበር» አሉት።